በሞረድ የነካሁት ሜሞሪ

ጥፋቱ የመብራት ነበር ብዬ ብጀምር ደስ ይለኝ ነበር፤ ግማሹ ግን የእኔ ነው።

መብራቱ ጠፍቶ ሲመለስ በኃይል መጣና የባለቤቴን ኮምፒውተር አቃጠለው። የሠፈራችን ጠጋኝ ከፍቶ አየውና «ሁሉም የሚሰካበት ዋናው ሰሌዳ፣ ማዘርቦርዱ ሄዷል፤ ሜሞሪዎቹ ግን ደህና ይመስላሉ» አለን። ሁለቱን ቀጫጭን ሜሞሪዎች ነቅሎ በጋዜጣ ጠቅልሎ ሰጠኝ። የነበረን ብር ለማዘርቦርድ ብቻ ስለሚበቃ፣ አሮጌዎቹ ሜሞሪዎች የግድ ከአዲሱ ጋር መሥራት ነበረባቸው። ሌላ መላ አልነበረንም።

ባለቤቴ ከልብስ ስፌት ፋብሪካ ወጥታ፣ እዚሁ ባሕር ዳር አንዲት ጠባብ ክፍል ተከራይታ የጥልፍ ሥራ ከጀመረች ገና ዓመት አልሞላትም ነበር። ጥለቱን በኮምፒውተር ትሥለዋለች፣ ኮምፒውተሩ ለጥልፍ መኪናው ይነግረዋል፣ መኪናው ይጠልፋል። ያን ሳምንት ከመራዊ ከተማ የሙሽራና የሚዜዎች ቀሚስ ተቀብላ ነበር፤ ሠርጉ እሑድ ነው። እስከዚያ ድረስ እንዲህ ያለ ትልቅ ሥራ መጥቶላት አያውቅም።

«ይኼን ካላደረስሁ ከእንግዲህ ማን ያምነኛል?» አለችና ወደ ፋብሪካው ለመመለስ ማመልከቻ ጻፈች። አጣጥፋም ክር የምታስቀምጥበት መሳቢያ ውስጥ ከተተችው። «ሰኞ አስገባዋለሁ» አለችኝ። አላለቀሰችም። ብታለቅስ ይሻለኝ ነበር።

እኔ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ መካኒክ ነኝ። ሃያ ዓመት ሙሉ የሽመና ማሽን ስፈታና ስገጥም ኖሬያለሁ፤ አልገባ ያለውን በመዶሻ፣ የተረፈውን በሞረድ ነው የማግባባው። ስለዚህ ሐሙስ ከፈረቃ ወጥቼ የኮምፒውተር ዕቃ ወደሚሸጡት ሐጂ ሱቅ ስሄድ ደረቴን ነፍቼ ነበር።

«የድሮው ሜሞሪ ምን ዓይነት ነው? ይዘኸው መጥተሃል?» አሉኝ ሐጂ፣ መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው እየሰቀሉ።

«ቤት ነው። ኧረ ሐጂ፣ ሜሞሪ ያው ሜሞሪ ነው» አልኋቸው።

ሐጂ ሰው ማሳፈር አይወዱም። «እንግዲያው ወስደህ ሞክረው» አሉና ፕሮሰሰሩ አብሮት የተገጠመ አዲስ ማዘርቦርድ ከነካርቶኑ ሰጡኝ። ደንባቸው እንዲህ ነው፤ መታወቂያህን ታስይዛለህ፣ ዕቃውን ቤትህ ወስደህ ትሞክራለህ፣ ካልሆነ ትመልሳለህ። በሩ ላይ ስደርስ ከኋላዬ ጠሩኝ። «አደራ፣ አልገባ ካለ ጉልበት አትጨምርበት።»

አልገባ አለ። የባለቤቴ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬ ሜሞሪውን ከመሰኪያው ባገጥመው፣ አንዱ ጫፍ ሲገባ ሌላው ይነሣል። ገለበጥሁት፣ ተጫንሁት፣ ሰደብሁት። በሜሞሪው ግርጌ አንዲት ትንሽ ቁርጥ አለች፤ መሰኪያው ውስጥ ደግሞ ቁርጧ ላይ የምትገባ ጉብታ። ሁለቱ የሩዝ ፍሬ ያህል ተላለፉ። መካኒክ ይህን ሲያይ ምን ያደርጋል? ሞረዱን ያመጣል። ቁርጧን ላሰፋ ሁለት ጊዜ ሳብ ሳብ አደረግሁበት፤ ብናኙ ጠረጴዛው ላይ ረገፈ።

ባለቤቴ ክር በጥርሷ እንደያዘች ገባች። ሞረዱን አየች፣ ብናኙን አየች። ክሩን ከአፏ አውጥታ፣ ሜሞሪውንና ማዘርቦርዱን ተቀብላኝ ወደ መስኮቱ ብርሃን ያዘቻቸው።

«ይኼ እኮ እንዳይገባ ተብሎ ነው የተሠራ» አለችኝ። «ሸሚዝህን አንድ ቀዳዳ ዘለህ ብትቆልፈው፣ ቀዳዳውን በመቀስ ታሰፋዋለህ?»

ብናኙን በመዳፌ ጠረግሁ። ሞረድ ያልነካውን ሁለተኛውን ሜሞሪ በንጹሕ እራፊ ጠቅልላ ኪሴ ውስጥ ከተተችልኝና ወደ ሥራዋ ዞረች። የምትሠራው ሥራ ግን አልነበራትም፤ እንዲሁ ክር ትጠቀልል ነበር።

በማግስቱ ዓርብ ማዘርቦርዱንና ሁለቱን ሜሞሪዎች ይዤ ስሄድ ሐጂ ለጁምዓ ሶላት ሱቃቸውን ዘግተዋል። እስኪመለሱ ወደ ሐይቁ ወረድሁና ዳሩ ላይ ተቀመጥሁ። ወደ ጎርጎራ የሚሄድ ጀልባ ጆንያ ይጭናል። ጫኙ ሰውዬ አንዱ ጆንያ አልገባለት ሲል አልገፋውም፤ አውጥቶ ሌሎቹን አስተካከለና እንደገና አስገባው። እሱም ሊመክረኝ ነው ብዬ ተናደድሁ። እውነቱን ለመናገር ግን ፈርቼ ነበር። ባለቤቴ ከፋብሪካው የወጣች ቀን እንዴት እንደሳቀች አልረሳውም፤ ያን ሳቅ በሞረድ ፍቄ አጠፋሁት።

ሱቁ ሲከፈት ሰላምታዬን እንኳ ሳልጨርስ፣ «ሐጂ፣ ሞረድሁት» አልኋቸው።

«ማዘርቦርዱን?» ብለው ከወንበራቸው ተነሡ።

«ኧረ ሜሞሪውን!»

ተቀብለው አገላብጠው አዩትና እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። «በሳሙና ያጠበ አይቻለሁ፤ በጥርሱ የነከሰም አይቻለሁ። በሞረድ የመጣ ግን አንተ የመጀመሪያው ነህ።»

ከዚያ ረጋ ብለው አስረዱኝ። የእኛ ሜሞሪዎች የቀድሞው ዓይነት ናቸው፤ የወሰድሁት ማዘርቦርድ የሚቀበለው የአሁኑን ነው፤ ቁርጡ የተለያየው ሰው እንዳይሳሳት ነው። ባለቤቴ በመስኮት ብርሃን ያየችው ይህንኑ ነበር። ሐጂ ከላይኛው መደርደሪያ ሌላ ካርቶን አወረዱ፤ ዕቃው አዲስ ነው፣ ግን ለድሮው ሜሞሪ የተሠራ። ከራሳቸው ስክሪን ጋር አያያዙት። መጀመሪያ የሞረድሁትን ሞከሩ። ጢጥ፣ ጢጥ፣ ጢጥ አለ፤ ስክሪኑ ግን ጨለማ ነው። «እሱስ አረፈ» አሉ።

ሁለተኛውን ከእራፊው ፈታሁት። የሚሰካበትን ወርቅማ ጠርዝ በእርሳስ ላጲስ ጠረጉ፣ እፍ አሉበትና «በል፣ አንተው አስገባው» አሉኝ። ቁርጧን ከጉብታዋ ጋር አስተያየሁና በሁለት አውራ ጣቶቼ ቀስ ብዬ ጫን አልሁት። በሁለቱም ጫፍ ቀጭ አለ። አንድ ጊዜ ብቻ ጢጥ አለና ስክሪኑ በራ።

«አልሐምዱሊላህ!» «ተመስገን!» አልን እኩል። ትከሻቸውን ሳምሁ። «በአንድ ሜሞሪ ዝግ ይልባችኋል» አሉኝ ብሩን ተቀብለው መታወቂያዬን እየመለሱ። ዝግ ይበል፤ ይሥራልን እንጂ።

ፀሐይ ሳትጠልቅ ኮምፒውተሩ ተገጥሞ ጥለቱ ስክሪኑ ላይ ወጣ። ባለቤቴ የሰው ቀሚስ ከመንካቷ በፊት ሁልጊዜ በቁራጭ ጨርቅ ትሞክራለች፤ ጨርቁ እንዳይሸበሸብም ከሥሩ ወረቀት ታነጥፋለች። የክር መሳቢያዋን ከፍታ አንድ የታጠፈ ወረቀት አወጣች፣ ዘረጋችው፣ ጨርቁን ከላዩ ወጠረች። መኪናው ተነሣ። እኔ ዓይኔ መርፌው ላይ ነበር፤ ወረቀቱን ልብ አላልሁትም።

ሲያበቃ ሙከራውን ሰጠችኝ። መካኒክ ነኝና ጀርባውን ገለበጥሁት። የእሷ የእጅ ጽሑፍ ነው። ከላይ «ጉዳዩ፦» የሚለው ደህና ይታያል፤ ከዚያ በታች ያለውን ግን መርፌው በስቶ በስቶ በአረንጓዴና በቀይ ክር ሸፍኖታል።

«ይነበባል?» አለችኝ የሙሽራዋን ቀሚስ እየወጠረች።

«ኧረ አይነበብም» አልኋት።