ጋቢ የለበሰው ላፕቶፕ

አባቴ በሕይወቱ አንድ ጊዜ ብቻ ነው በቪዲዮ የተቀረጸው፤ በእህቴ ሰርግ፣ ሙሽሮቹን ሲመርቅ። ከሞተ በኋላ እናቴ ፊቱ እየጠፋብኝ ነው ማለት ጀመረች። ይህን ከሰማሁ ወዲህ እንቅልፍ አልወስደኝ አለ። ቪዲዮውን ላፕቶፔ ላይ አስገልብጬ ከምሠራበት ከፍኖተ ሰላም ቡሬ ወረድሁ።

እኛ መንደር መብራት የለም፤ በየስብሰባው ሊገባ ነው ይባላል እንጂ። ቡሬም ያን ሰሞን ጠፍቶ ነበር። ቅዳሜን ጀኔሬተር ያለው ፎቶ ቤት ደጅ ተቀምጬ ባትሪውን ሞላሁ። ሞላሁ ልበል እንጂ አሮጌ ነው፤ እንደ ቀዳዳ ስልቻ የሰጡትን አይዝም። እሁድ በጠዋት ወደ መንደራችን በእግር ስሄድ ቦርሳዬን በየዳገቱ እየዳበስሁ ነበር።

ቤት እንደ ደረስሁ የስክሪኑን ብርሃን ቀነስሁና ቪዲዮውን አባቴ ለምርቃት ከሚነሣበት ላይ አቁሜ መደቡ ላይ አስቀመጥሁት። አጥፍቶ ማስነሣቱ ብዙ ባትሪ ስለሚበላ እንደ በራ ተውሁት። እናቴን ቶሎ እይው ብላት የነፍስ አባታችን ሳይኖሩ የሞተ ሰው ፊት አላይም አለች። ጥርሴን ነክሼ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሮጥሁ።

አባ ከቅዳሴ ወጥተው ሰንበቴ ላይ ተቀምጠዋል። ጠላው ሳያልቅ መነሣት ነውር ነው። እኔ እቁነጠነጣለሁ፣ እሳቸው ስለ ፍኖተ ሰላም ዝናብ ይጠይቁኛል። ጉዳዬን ስነግራቸው የቸኮለ አፍሶ ይለቅማል ብለው ለእኔም አስቀዱልኝ። በልቤ የተናገርሁትን እግዜር ይቅር ይበለኝ።

ስንመለስ መደቡ ላይ የተቆለለ ጋቢ እንጂ ላፕቶፕ አይታይም። ጎረቤት እየገባ ሲያየው ዓይን እንዳይበላው ብላ እናቴ በአባቴ ጋቢ ደራርባ ሸፍናዋለች። ስገልጠው እጄን አቃጠለኝ፤ ማራገቢያው ይጮኻል፣ ባትሪው ሊያልቅ ቀይ ያሳያል። ንድድ አለኝ።

“አፈንሽው’ኮ እማዬ!”

ደንግጣ ቆመች። አባ ቁጣህን ኋላ ታደርሰዋለህ፣ አሁን ክፈተው አሉኝ። ከፈትሁት።

አባቴ ከወንበሩ ተነሣ። ያንኑ ጋቢ ትከሻው ላይ አስተካከለ፣ እጁን ዘረጋ፣ ጉሮሮውን ጠረገ። ሊመርቅ አፉን ሲከፍት ስክሪኑ ጠቆረ።

ቁልፉን ደጋግሜ ተጫንሁ። ሰኞ ሥራ አለብኝ፤ ዳግም እስክመጣ ስንት ወር እንደሚሆን አላውቅም። እናቴ እጄን ቀስ አድርጋ ገፋችና መዳፏን ላፕቶፑ ላይ አሳረፈች።

“ይሞቃል” አለች።

“ስለታፈነ ነው። አሁን ይቀዘቅዛል።”

መዳፏን ሳታነሣ፣ በሌላ እጇ ጋቢውን ጎትታ መልሳ አለበሰችው።