ሳያጎርሱ የሚሄዱ እንግዶች

የእትዬ ሬንቱ ባል መሞታቸውን ከዘመድ በፊት ያወቀው ቅጠላቸው ነው ይባላል። ጋሼ ኩርሚን ብቻቸውን የሦስት ሰው ያህል የሚያጎርሱ ሰው ነበሩ። እሳቸው ካረፉ በኋላ ቤቱ ቀስ በቀስ ከጎረቤት ቅጠሎች ሁሉ በታች ሆነ። ለቅሶ ለመድረስ የመጣነው ሰዎች የገመዱን ድልድይ ቁልቁል እየወረድን፣ "እውነትም ትልቅ ሰው ነበሩ" ተባብለናል።

ነገሩን ከሥሩ ላስረዳ፤ ማስረዳቱ ራሱ ደስ ይለኛል። የምንኖርበት ፉልዋ የአውድማ ስፋት ያለው ቅጠል ነው። ከላይ ፀሐይ ይሞቃል፣ ሥሮቹን ወደ ደመናው አንጠልጥሎ ውኃ ይስባል፣ ከሆዱ ሥር ደግሞ እንደ ወይን ዘለላ የተንዠረገጉ ፊኛዎች አሉት። ፊኛዎቹ ሲነፉ ይንሳፈፋል፤ ሲሟሽሹ ይወርዳል። ማን ይነፋቸዋል? እኛ! በየቤቱ መሀል ከመጋረጃ ጀርባ የፉልዋው አፍ አለ። ሰው ሆዱ ሲሞላ እዚያ ቁጭ ብሎ ያራግፋል፤ ማጉረስ የምንለው ይህንን ነው። ቅጠሉ የጎረሰውን ሆዱ ውስጥ ያብላላዋል፣ ሲብላላ ትንፋሽ ይወጣዋል፣ ትንፋሹ ፊኛውን ይነፋል። እስቲ አሠራሩን እዩልኝ! ባቄላው ከቅጠሉ ላይ ይበቅላል፣ እኛ ባቄላውን እንበላለን፣ ቅጠሉ ከእኛ የተረፈውን ይበላል፣ ሁላችንም አየር ላይ እንውላለን። ያገሩ ኑሮ በሙሉ በአንድ ቀዳዳ ያልፋል ብል አላጋነንኩም።

ስለዚህ በእኛ ዘንድ ሰው የሚነፍገው እህል አይደለም። እህልማ ማንም ያበላል። የሚነፈገው የበሉት ነው። ሰው ቤት የበላ እዚያው አጉርሶ መሄድ ይገባዋል፤ ግን "አጉርስ" ብሎ እንግዳን መጠየቅ ነውር ነው። በዚህ ክፍተት ገብቶ ስንቱ ሆዱን ይዞ ወደ ቤቱ ሲሮጥ እንደሚታይ መናገር ያሳፍራል።

እትዬ ሬንቱ ልጆቻቸውን ድረው ሌላ ቅጠል አድርሰዋል። ብቻቸውን ቀሩ። እሳቸው ደግሞ እንደ ወፍ የሚበሉ፣ እንደ ወፍም የሚያጎርሱ ቀጭን ሴት ናቸው። ክረምት ሲመጣ ደመናው ከፍ ይላል። ደመና የዋጠው ቅጠል ፀሐይ አጥቶ ይበሰብሳል፤ ሲበሰብስ በገመዱ ጎረቤቶቹንም ይጎትታል። እንዲህ እንዳይሆን ከክረምቱ በፊት ለኪ ይመጣል። ለኪው ቅጠሉ ጠርዝ ላይ በሆዱ ተኝቶ፣ ጫፉ ላይ ላባ የታሰረበትን ገመድ ወደ ታች ይለቃል። ላባው ርሶ ከወጣ ቅጠሉ ዝቅ ብሏል ማለት ነው፤ ገመዶቹ ይቆረጣሉ፣ ቅጠሉ ብቻውን ይሰምጣል፣ ባለቤቱ ዘመድ ጋ ይጠጋል።

እትዬ ሬንቱ የሚጠጉት የልጃቸው ሚስት ቤት ነበር።

"እዚያ ከምገባ አብሬ ብሰምጥ ይሻለኛል" አሉኝ አንድ ቀን፣ ባቄላ እየፈለፈሉ። "ተወልጄበታለሁ፣ ወልጄበታለሁ። እዚያ ስሄድ ልጅቷ ስንቴ መጋረጃ ጀርባ እንደገባሁ ትጠብቀኛለች። 'እማማ፣ ዛሬስ?' እያለች!"

እናም መፍትሔ አገኙ፤ ድግስ። ባቄላውን በሥር ቅመም አሽተው፣ በጨው የደረቀ የወፍ ሥጋ ጣል አድርገውበት የሚሠሩት ወጥ እንኳን የበላውን፣ ሽታው የደረሰውንም ወደ መጋረጃው ያስሮጣል። ከማንም ቀድማ የመጣችው ዛሊን ናት። ዛሊን እሳቸው ጎን ያለው ቅጠል ላይ ከባሏና ከብዙ ልጆቿ ጋር የምትኖር፣ ድምጿ ድልድይ የማያስፈልገው ሴት ናት።

"እትዬ፣ እጅዎ ይባረክ! ሆዴ ሊፈነዳ ነው!"

"ለምን ይፈነዳል? መጋረጃው ያውልሽ።"

"ኧረ አሁን ምንም አልመጣብኝም።"

"ባለፈውም አልመጣብሽም። ይሄን ሁሉ ባቄላ የት ነው የምታደርጊው? ለክረምት እያስቀመጥሽ ነው?"

"ልጆቼን ብቻቸውን ትቼ ነው የመጣሁት፣ ልሂድ።"

"ልጆችሽ እዚህ ተደርድረው ድስቴን እየጠረጉ ነው!"

ዛሊን ዞር ብላ አየቻቸው፣ አልደነገጠችም። "ተነሱ!" አለች። "ቤት እስክንደርስ ማንም እንዳይለቅ! የለቀቀ እራት የለውም!" ልጆቹ እግራቸውን አጣብቀው ድልድዩን ሲሻገሩ የዳክዬ ሰልፍ ይመስሉ ነበር።

ባሏ የባሰ ነው። መጋረጃ ጀርባ ገብቶ፣ ሲያቃስት ቆይቶ፣ ግንባሩን እየጠረገ ወጣ።

"አጎረስኩ እትዬ።"

"ቅጠሌ ሲጎርስ 'ጉልክ' ይላል" አሉት። "እኔ የሰማሁት ያንተን ማቃሰት ብቻ ነው።"

"ዛሬ ቀስ ብሎ ነው የዋጠው።"

ድግሱ ባቄላቸውን አመናመነው እንጂ ቅጠሉን አላነሳውም። ጠዋት ጠዋት የደመናው ጭጋግ ወለሉን እየላሰ ይገባ ጀመር። ለኪው የመጣው በዚህ መሀል ነው።

የመንደራችን ብቸኛ ለኪ ቶርሹም ጎልማሳ ነው፤ እንደሚለካበት ገመድ ቀጭንና ቀጥ ያለ። በሕግ ቀልድ አያውቅም። ሕጉ ደግሞ ይህ ነው፤ ለኪ ሊለካ በመጣበት ቅጠል ላይ አያጎርስም። ካጎረሰ የዚያ ቤት ሰው ሆኖ ይቆጠራል፤ የቤት ሰው የቤቱን ቅጠል መለካት አይችልም፤ ያልተለካ ቅጠል ደግሞ ገመዱ አይቆረጥም። ሕጉ የወጣው በከንቱ አይደለም። ድሮ ለኪዎች የደገሰላቸውን ቤት እያጎረሱ ከፍ ሲያደርጉ፣ ያልደገሰው እየሰመጠ አስቸግሮ ነበር። ቶርሹም በሥራ ዘመኑ የሰው ቅጠል አጉርሶ አያውቅም። ከወንድሙ ቤተሰብ ጋር ስለሚኖር ቀኑን ሙሉ ዞሮ፣ ማታ እዚያው ይደርሳል።

ያን ቀን ግን አልደረሰም። ገና ገመዱን ከትከሻው ሳያወርድ ነፋስ ተነሳ። ድልድዩ እንደ እባብ ይገረፍ ጀመር። በነፋስ መሻገርም አይቻልም፣ መለካትም አይቻልም፤ ላባው ይወዛወዛላ።

"እንግዲህ ቁጭ በል" አሉት እትዬ ሬንቱ። "ወጥ አለ።"

"እትዬ፣ ሥራ ላይ ነኝ። አልበላም።"

"መብላትን ሕጉ ከልክሏል?"

ቶርሹም አሰበ። ሕጉ መብላትን አልከለከለም። ሕጉ ያልከለከለውን ደግሞ እሱ አይከለክልም።

ነፋሱ በማግስቱም ነፈሰ። ቶርሹም በላ፣ ከዚያም በላ። እትዬ ሬንቱ የቀረቻቸውን ባቄላ ሁሉ አወጡለት። ሆን ብለው ነው ወይ? በኋላ ጠይቄአቸው፣ "እንግዳ ላስርብ?" ብቻ ነው ያሉኝ፤ ፊታቸውን ግን አዙረው ነው ያሉት።

በሦስተኛው ቀን ቶርሹም መቀመጥ ተወ። ከዚያ ማውራት ተወ። በቅጠሉ ጠርዝ ዙሪያ በአጭር በአጭር እርምጃ ይዞር ጀመር። ከጠርዝ ላይ ወደ ታች መልቀቅ በእኛ አገር ስሙ የማይጠራ ወንጀል ነው፤ የሰው ትንፋሽ እንደመጣል ይቆጠራል። ዛሊን ከራሷ ቅጠል ላይ ሁኔታውን አይታ ኖሮ፣ በነፋሱ ውስጥ ጮኸች።

"ለኪው! ጠርዙ ጋ እንዳትጠጋ፣ እያየሁህ ነው!"

"ነፋስ ልቀበል ነው!"

"ያንተስ ነፋስ መቼ ነው የሚወጣው?"

እትዬ ሬንቱ ትከሻውን ያዝ አደረጉት። "ልጄ፣ ምን አስጨነቀህ? መጋረጃው እዚያ ነው።"

"እትዬ፣ ካጎረስኩ እኮ አልለካም።"

"አውቃለሁ።"

"ካልለካሁ ሥራዬን አልሠራሁም።"

"እሱንም አውቃለሁ። እኔ ሆድህን ነው እንጂ ሥራህን አላልኩም።"

በዚያው ቀን ከሰዓት ነፋሱ ድንገት ጸጥ አለ። ቶርሹም ፊቱ በራ፤ ለክቶ መሄድ ነው! ሁላችንም ከየቅጠላችን ወጥተን ማየት ጀመርን። እትዬ ሬንቱ መሀል ወለሉ ላይ ቆመው ነጠላቸውን ጥርሳቸው ውስጥ ከተው ነከሱት። ጭጋጉ ከጠርዙ ሥር በግልጽ ይታያል። ላባው እንደሚርስ ልጅም ያውቀዋል።

ቶርሹም ገመዱን ፈታ፣ ላባውን አስተካከለ፣ ጠርዙ ጋ ተንበረከከ። ለመለካት ግን በሆድ መተኛት ያስፈልጋል። ቀስ ብሎ ጎንበስ አለ። ሆዱ ቅጠሉን ሲነካ እንደተቆነጠጠ ሰው ብድግ አለ። ደግሞ ሞከረ። ደግሞ ብድግ አለ።

"በጎንህ ሞክር!" አለ የዛሊን ባል።

"በጀርባህ!" አለ ሌላ።

"ዝም በሉ፣ ሥራ ላይ ነኝ!" ድምፁ ቀጥኖ ነበር። ተነስቶ ወደ ድልድዩ ሄደ፤ ቤቱ ደርሶ ሊመለስ መሆኑ ነው። የመጀመሪያውን እንጨት ሲረግጥ ድልድዩ እንደ ልማዱ አነጠረው። ቶርሹም ባለበት ደረቀ። ፊት ለፊቱ የተዘረጋውን ድልድይ አየ፣ ከዚያ ቀጥሎ ያለውን አየ፣ ከዚያም ባሻገር ያሉትን አየ። ዞረ። ገመዱን ወለሉ ላይ በሥርዓት ጠቅልሎ አስቀመጠና፣ ቀጥ ብሎ፣ እንደ ዳኛ ተራምዶ መጋረጃ ጀርባ ገባ።

ጉልኩ እኛ ቤት ድረስ ተሰማ። አንድ ጊዜ ብቻም አልነበረም። መንደሩ በእልልታ ተናጋ፤ ዛሊን ድስት ትደበድብ ነበር።

ሲወጣ ፊቱ የሕፃን ፊት መስሏል። "እትዬ ሬንቱ" አለ ቆሞ፣ "ከዛሬ ጀምሮ የዚህ ቤት ሰው ነኝ። ይህን ቅጠል ልለካው አልችልም። ለሽማግሌዎቹ እኔው እነግራቸዋለሁ።"

"ተባረክ" አሉት፤ እንባቸው መጣ።

"አልጨረስኩም። የቤት ሰው ጠዋት ጠዋት ቤቱን የማጉረስ ግዴታ አለበት። ሕግ ነው።"

እትዬ ሬንቱ ይህን አልጠበቁም ነበር። እኛም አልጠበቅንም። ሰውየው በማግስቱ ጎህ ሲቀድ መጣ። በነጋታውም መጣ። የወንድሙ ሚስት፣ "ተገላገልን፣ ቤታችን ከመጠን በላይ ከፍ ብሎ ብርድ ሊፈጀን ነበር" አለች አሉ። ቅጠሉ የጎረሰውን ለማብላላት ጊዜ ይፈልጋልና መጀመሪያ ምንም አልታየም። ቆይቶ ግን ፊኛዎቹ አንድ በአንድ ይወጠሩ ጀመር። ዛሊንም ለኪው ካጎረሰበት ቤት ሳታጎርስ መውጣት አፈረች መሰለኝ፣ አንዳንዴ ትንሹ ልጇ እዚያው እንዲያጎርስ ትተወው ጀመር።

ክረምቱ ገባ። ደመናው እየተትጎለጎለ ወጣ፣ ወጣና ከእትዬ ሬንቱ ቅጠል ሆድ ሥር ቆመ፤ የራሰው ሥሩ ብቻ ነበር። ቶርሹም ጠርዙ ላይ ተንበርክኮ አንገቱን አስግጎ ወደ ታች ሲመለከት እትዬ ሬንቱ ደረሱበት።

"ምን እያደረግህ ነው?"

"አልለካሁም፣ እትዬ" አለ ፈጥኖ። "አየሁ እንጂ።"

"አይተህ ከጨረስክ ና ብላ። ወጡ ቀዘቀዘ።"