መርዶ የሸሸው መንገደኛ

መምህር ይሁኔ በጋይንቷ ከተማ በአርብ ገበያ አሥራ ሦስት ዓመት ጂኦግራፊ አስተምሯል። የሂማልያን ከፍታ ከእንቅልፉ ቢቀሰቅሱት በሜትር ይናገራል። በዓይኑ ያየው ትልቁ ተራራ ግን ጉና ነበር። የሕንድ አገር የትምህርት ዕድል አግኝቶ ለሁለተኛ ዲግሪ ሲሄድ አገሬው ሁሉ «ተሳካለት» ሲል፣ እናቱ አልጣሽ ብቻ «ሰው አገር ምን ይበላል?» ብላ ተጨነቀች።

በትምህርቱ ሁለት ዓመት መካከል ለክረምት መጥቶ ነበር። መስከረም ላይ ሲመለስ እናቱ ደጃፍ ድረስ ወጥታ አንድ ከረጢት በሶ አስያዘችው። «ሲርብህ በውኃ ጨብጠው። ሆድ ይይዛል» አለችው። ታናሽ እህቱ ትሁን ሻንጣውን ተሸክማ ከኋላቸው ቆማ ነበር። ትሁን ከባሏ ከተፋታች ወዲህ ከቤተ ልሔም ቤተ ክርስቲያን ብዙም በማይርቀው በአባታቸው ቤት እናቷን እየጦረች ትኖራለች። በዚያን ቀን ምን እንዳለችው ይሁኔ አያስታውስም።

በየእሑዱ ከቅዳሴ መልስ በትሁን ስልክ ከእናቱ ጋር ይነጋገሩ ነበር። በግንቦት መጨረሻ አንድ እሑድ ሲደውል ያነሳችው ትሁን ናት።

«እናቴስ?»

«ከቤተ ክርስቲያን አልተመለሰችም፤ ቅዳሴው ረዘመ መሰል።»

በሳምንቱ «ስማዳ ሄዳለች፤ የአክስታችን ልጅ ታሞ ልትጠይቅ» አለችው። በሦስተኛው እሑድ ደግሞ ድምጿን ቀለል አድርጋ፣ «ጠበል ገብታለች። ወገቧን ነው እንጂ ሌላው ደህና ነው። እዚያ ስልክ አይገባም» አለችው።

ይሁኔ ስልኩን እንደያዘ አልጋው ላይ ተቀመጠ። ይህን ውሸት ያውቀዋል፤ የፈጠረው እሱ ነው።

ከአራት ዓመት በፊት የሥራ ባልደረባው ዘካርያስ ለሥልጠና አዲስ አበባ እያለ አባቱ መካነ ኢየሱስ ከተማ ሞቱበት። በእኛ አገር መርዶ በስልክ አይነገርም። ሰው ብቻውን ባለበት፣ ቢወድቅ የሚደግፈው በሌለበት አይነገርም። እስኪመጣ ይጠበቃል፣ እራት አብልተው ያሳድሩታል፣ ጎሕ ሲቀድ ቄስና ሽማግሌ ይዘው ይነግሩታል። እና ዘካርያስ እስኪመለስ ምን ይባል ተብሎ መምህራን ሲመክሩ ብልሃቱን ያመጣው ይሁኔ ነበር፦ «መጀመሪያ ቤተ ክርስቲያን በሉት፤ አይጠረጥርም። ቀጥሎ ዘመድ ጥየቃ፤ ቀን ይፈጃል። መጨረሻ ላይ ጠበል፤ እዚያ ስልክ አይገባም።» ሁሉም አደነቁት። እሱም ማታ ቤቱ ገብቶ ለእናቱና ለትሁን እየሳቀ አወራላቸው። ትሁን ተራውን እንኳ ሳታፋልስ ያኔ የሰማችውን ነው የመለሰችለት። በሰፈሩት ቁና መሰፈር አይቀርም ይባል የለ!

«እሺ። ስትመለስ ሳሚልኝ» ብሏት ነበር ስልኩን የዘጋው። ምን ይበላት? ልጅቱ እሱን ለማዳን የምትዋሸውን ውሸት አፍርሶ፣ በስልክ፣ በሺዎች ኪሎ ሜትር ማዶ፣ «ሞታለች አይደል?» ይበላት?

ማልቀስ አማረው፤ እንባው ግን አልመጣ አለ። ለነገሩ ማን ነገረውና ያለቅሳል? መርዶ ያልደረሰው ሰው ሐዘንተኛ አይባልም። ከሁለት ቀን በኋላ ምሳ ወረፋ ላይ ቆሞ ሳለ አንድ ሐሳብ መጣበት። አገሩ ካልገባ መርዶ አይነግሩትም። ካልነገሩት ደግሞ እናቱ ጠበል ላይ ናት፤ ጠበል ላይ ያለ ሰው አልሞተም። የተማረ ሰው ሐሳብ አይደለም፤ ያውቀዋል። ግን ትምህርቱን ሰኔ ላይ ሲጨርስ የመመለሻ ቲኬቱን ወደ መስከረም አዛወረው። ለትሁን «ለጥናት የምዞርባቸው አገሮች አሉ» አላት። እሷም «ደግ ነው ጋሼ፣ አትቸኩል» አለችው። ሁለት ውሸታም ወንድምና እህት!

ከደልሂ ገበያ ቁመቱን የሚያህል የጀርባ ሻንጣ ገዝቶ መንገድ ጀመረ። በከረጢቱ ውስጥ ከእናቱ በሶ አንድ ሁለት ጭብጥ ተርፎ ነበር፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ቢርበውም አልነካውም። በልብሶቹ መካከል ጠቅልሎ ያዘው።

የባቡሩ ሦስተኛ ማዕረግ ውስጥ ሠላሳ ሰዓት ተቀምጦ ከማንም ጋር ሳይነጋገር የሚሄድበት ቀን ነበር። ሰዎቹ ክፉ አይደሉም፤ ፀጉሩን ዳብሰው፣ ብስኩት ሰጥተው፣ ከየት ነህ ብለው፣ መልሱን ሳይረዱት ይተኛሉ። በርካሽ ማደሪያዎች ስምንት አልጋ ባለው ክፍል ሻንጣ አዝለው አገር ከሚያስሱ ወጣት ፈረንጆች ጋር ያድራል። አንዷ «ራሴን ፍለጋ ነው የመጣሁት፤ አንተስ?» አለችው። ይሁኔ ትንሽ አሰበና «እኔ እንዳልገኝ ነው» አላት። የቀለደ መስሏት ሳቀች። በማግስቱ ሄደች፤ በአልጋዋም ሌላ ሰው ተተካ። ሰው እንዲህ በየቀኑ ሲለዋወጥ ብቸኝነቱ እንደ አዲስ ይጀምረዋል።

ቫራናሲ ከተማ ላይ እንደ ሕንዶቹ ልማድ ሙታን በወንዝ ዳር በጠራራ ፀሐይ ሲቃጠሉ አየ። ሦስት ቀን ወደ ወንዙ በሚወርደው ደረጃ ላይ ተቀምጦ ዋለ። የሟቹ ልጅ ፀጉሩን ተላጭቶ፣ ነጭ ለብሶ፣ ሰው ሁሉ እያየው በእሳቱ ዙሪያ ሲዞር ቀናበት። በሦስተኛው ቀን ፀጉሩን ሊቆረጥ ዳር ላይ ካለ ፀጉር አስተካካይ ዘንድ ቁጭ አለ። ሰውዬው አንዱን ጎን ከላጨው በኋላ ነው ይሁኔ ሐዘንተኛ የሚላጭበት ቦታ መቀመጡን የተረዳው። በአገሩም እናት የሞተችበት ይላጫል። ተስፈንጥሮ ተነሣ። «አልሞተችም!» አለው በአማርኛ። ግማሽ ጭንቅላቱን በቆብ ሸፍኖ ወደ ካትማንዱ ተሻገረ። ፀጉሩ እስኪመጣጠን ድረስ ቆቡን አላወለቀም።

እሑድ እሑድ ካለበት ይደውላል። «ጠበሉ ተስማምቷታል፤ ትንሽ ትቆይ ብለዋል» ትለዋለች ትሁን። ይህንንም ለዘካርያስ ብለውት ነበር። አንድ ቀን ከኋላዋ የብዙ ሰው ድምፅ ሰማና፣ «ምንድን ነው?» ሲላት «ደቦ ነው ጋሼ፤ አረም» አለችው፤ ሳቀችም። እሱም ሳቀላት። ስልኩን ሲዘጋ የትኛው አገር እንዳለ ለጥቂት ጊዜ ጠፍቶት ነበር።

በነሐሴ ከሂማልያ ጀርባ ወዳለው ደጋ፣ ወደ ላዳክ ወጣ። እርጥበት የማያውቀው፣ የሰሌዳ ካርታ ላይ በጣቱ እያሳየ ያስተማረው አገር ነው። ከከተማው ወጥቶ በእግሩ ሲጓዝ ከአንዲት መንደር አጠገብ መሸበት። የሚያውቀው ሰው የለም፤ ቋንቋውንም አያውቅም። ስለዚህ ጋይንት ቢሆን የሚያደርገውን አደረገ። ከአጥሩ ውጭ ቆሞ «ቤቶች! የእግዜር እንግዳ ነኝ፤ አሳድሩኝ!» ብሎ ተጣራ። ጉንጫቸው በብርድ የተሰነጣጠቀ አሮጊት ብቅ አሉ። ከእግር እስከ ራሱ አዩትና በእጃቸው ግባ አሉት።

ቅቤ የገባበት ሻይ ቀዱለት። ከዚያ ከአንድ ዕቃ ዱቄት ዘግነው በሻዩ ላይ ጨመሩና በጣታቸው ያሹት ጀመር። ሽታው ሲደርሰው ይሁኔ ደነገጠ። የተቆላ ገብስ ነው። በሶ ነው! አሮጊቷ ጨብጠው ሲያቀብሉት አፉ ውስጥ ከተተው። ሻንጣውን በርግዶ ከረጢቱን አወጣ፣ ፈትቶም አሳያቸው። «የእናቴ ነው» አላቸው። አሮጊቷ ደስ ብሏቸው ሊቀምሱ ጣታቸውን ዘረጉ።

ይሁኔ ከረጢቱን ወደ ደረቱ ሳበው።

ወዲያው አፈረ። የሰው በልቶ የራሱን የሚደብቅ እንግዳ ምን ዓይነት ሰው ነው? አሮጊቷ ግን አልተቆጡም፤ እጃቸውን መልሰው አዩት። ያን ጊዜ ነው ያለው፦ «እናቴ ሞታለች።» በአማርኛ። ቃሉ ከአፉ ሲወጣ የመጀመሪያው ነበር። አሮጊቷ አንድም አልገባቸውም። በአገራቸው ቋንቋ አንድ ነገር አሉት፤ እሱም አልገባውም። ደግመው ጨበጡለት፣ በላ። ጧት ሲነሳ ወደ ታች የሚወርደውን አውቶቡስ ጠየቀ።

ከአዲስ አበባ ሆኖ «ነገ እገባለሁ» ብሎ ለትሁን ደወለላት። «እሰይ፣ ጋሼ» አለች።

አርብ ገበያ ከመኪና ሲወርድ የጠበቀው ዘካርያስ ነበር። አቅፎ ሳመው። ሻንጣውን ነጥቆ አዘለና «መሽቷል፤ ዛሬ እኔ ዘንድ እደር። ጧት አብረን እንሄዳለን» አለው። ይሁኔ ያኔ ለዘካርያስ ያለው ይህንኑ ነበር። ሁለቱም ያውቃሉ። ዶሮ ተሠርቶ ነበር። የቤቱ ሰዎች ስለ ባቡሩ ጠየቁት፣ ስለ ባቡሩ ነገራቸው። መኝታ ሲያነጥፉለት ጧት እንዴት እንደሚደነግጥ በልቡ ተለማመደ፤ ያወቀ መስሎ ትሁንን እንዳያሳፍራት።

ጎሕ ሲቀድ በሩ ተንኳኳ። የቤተ ልሔሙ ቄስ ወልደማርያም መስቀላቸውን ይዘው ገቡ፤ ከኋላቸው ነጠላ ያዘቀዘቁ አምስት ስድስት ሰዎች ነበሩ።

«ይሁኔ ልጄ» አሉ ቄሱ። «ሞት የማይገባበት ቤት የለም። እናትህ አልጣሽ በግንቦት ወር ዐርፋለች። አምላክ ያጽናህ።»

የተለማመደው ሁሉ ጠፋበት። ከአራት ወር በፊት የሞተች እናቱ አሁን፣ በዚህች ደቂቃ፣ ሞተች። ወደ ኋላ ወደቀ። ዘካርያስ ግን ከኋላው በሁለት እጁ ይዞት ነበር። መርዶ ለምን በስልክ እንደማይነገር ይሁኔ ያን ጊዜ ገባው። ሞቷን አውቆት ነበር እኮ፤ ያልነበረው የሚይዘው ሰው ነው።

በአራተኛው ቀን በአባታቸው ቤት ለቀስተኛው ሲሳሳ እሱና ትሁን ብቻቸውን ቀሩ።

«መቼ ነው ያወቅኸው?» አለችው።

«ምኑን?»

«ተወኝ እስቲ ጋሼ። ‹መቼ ሞተች፣ ምን አሟት› ብለህ ማንንም አልጠየቅህም።»

«ጠበል ያልሽኝ ዕለት።»

ትሁን እሳቱን የምትቆሰቁስበትን እንጨት አስቀመጠች። «ሰኔ መጀመሪያ? አርባዋን ሳወጣ እኮ ደወልህ። ድንኳን ሙሉ ሰው እጄን አፌ ላይ አድርጌ ዝም አሰኝቼ፣ ደቦ ነው ብዬ ሳቅሁልህ። ከዚያ ጓሮ ወርጄ አፈር እስክቅም አለቀስሁ። አንተ እያወቅህ?»

«ካልነገሩኝ አልሞተችም ብዬ ነው።»

«ላንተ አልሞተችም። እኔ ዘንድ ግን በየእሑዱ ነው የሞተችው።»

ይሁኔ የሚሰጣት ነገር ቢያጣ ተነሥቶ ከሻንጣው ከረጢቱን አመጣላት። «የእጇን ሥራ ለማንም ሳላቀምስ አተረፍሁልሽ» አለ። ትሁን ፈታችው፣ አሸተተች፣ ቆንጥራ ምላሷ ላይ አደረገች።

«ይሄማ የእኔ ነው።»

«እናቴ ናት የሰጠችኝ።»

«የሰጠችህማ እሷ ናት። አምና እጇ ይንቀጠቀጥ ጀምሮ፣ ገብሱን ስትቆላ አሳረረችው። ደግሜ የቆላሁትም የፈጨሁትም እኔ ነኝ። ‹የእኔ እጅ መስሎት ይብላው፤ መታመሜን እንዳትነግሪው› አለችኝ። ያኔም ዋሸሁልህ።»

ይሁኔ እህቱን አያት። ያን ሁሉ ተራራ ከሻንጣው ሳይለይ ያዞረው፣ ከአሮጊቷ የነፈገው፣ የዚች አጠገቡ የተቀመጠችው የእጅ ሥራ ነው። በዚያ መስከረም ከኋላቸው ቆማ ምን እንዳለችው አሁንም ሊያስታውስ ሞከረ፤ አልቻለም። እጅግ አፈረ።

ተነሥቶ ውኃና ጨው ራሱ አመጣ። ካለው ላይ ከፈል አድርጎ በሳህን ላይ እንደ ነገሩ ጨበጠና አጎረሳት።

«ጨው አንሶታል» አለች እያላመጠች።

«አንድ ጉርሻ ያጣላል» አለና እንደገና ይጨብጥ ጀመር። ከረጢቱ ውስጥ የቀረው ለአንድ ሰው ብቻ የሚበቃ ነበር፤ እሱንም ለእሷ አደረገው።