ያላገኘነው ድኩላ

ጋምቤላ ክልል፣ ከመቲ ከተማ ወጣ ብላ ባለች ቀበሌ፣ በአንድ ጤና ጣቢያ ውስጥ አምስት ዓመት በነርስነት ሠርቻለሁ። የቲቢ ሕሙማንን የምከታተለው እኔ ነበርኩ። መድኃኒት ጀምሮ የጠፋ ሰው ካለ ካርዱን ይዤ፣ ቦት ጫማዬን አጥልቄ፣ ቤቱ ድረስ በእግሬ ሄጄ እፈልገዋለሁ። በዚህ ሥራዬ እኮራ ነበር።

አደን የለመድኩትም እዚያ ነው። ቤት ያከራየኝ ገበሬ በቆሎውን ከዝንጀሮና ከከርከሮ የሚጠብቅበት አሮጌ ጠመንጃ ነበረው። ቅዳሜ ቅዳሜ ያውሰኛል፤ ከቀናኝ አንድ እግር ሥጋ አደርስለታለሁ። ፈቃድ የሚባል ነገር አልነበረኝም፤ የጠየቀኝም የለም። ጫካውን የሚመሩኝ የጤና ጣቢያችን ዘበኛ ነበሩ። የዚያው ደን ተወላጅ ናቸው፤ ወደ ስድሳ የሚጠጉ፣ ማር ቆራጭ፣ የቸርቻቸው ሽማግሌ። አማርኛን የተማሩት ገበያ ላይ ነው፤ የወረዳ ሹምም ሆነ ሕፃን ልጅ ለእሳቸው «አንተ» ነው። እኔን «ዶክተር» ይሉኛል፤ እኔ «ጋሼ» እላቸዋለሁ።

ነገሩ የሆነው የገና ጾም ሊገባ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ ቅዳሜ ጠዋት ነው። ለእሑድ ቅበላ ሦስት የሥራ ባልደረቦቼን ቤቴ ጠርቻለሁ። ባለቤቴን «ሥጋ እንዳትገዢ፣ እኔ አመጣለሁ» ብያት ነው የወጣሁት።

ድኩላው ከወደቀ ግንድ አጠገብ ቆሞ ቅጠል ይበላ ነበር። ወንድ ነው፤ ቀንዱ ጠምዘዝ ያለ። ጋሼ በእጃቸው «ቆይ» አሉኝ። ዞሮ ደረቱን እስኪሰጠኝ መጠበቅ ነበረብኝ። አልጠበቅሁም። ስተኩስ ራሱን ቀና አደረገ። በፊት እግሮቹ ተንበረከከ፣ ተነሣ፣ ዘሎም ቁጥቋጦው ውስጥ ገባ።

ቦታው ስንደርስ ደሙ ብዙ አልነበረም። ጋሼ ጎንበስ ብለው ቅጠሉን በጣታቸው ገለጥ ገለጥ አደረጉና አንድ ነገር አንሥተው መዳፌ ላይ አስቀመጡልኝ። ሁለት ጥርስ የተተከለበት የአጥንት ስባሪ ነው። ገና ይሞቅ ነበር።

«መንጋጋ» አሉ። «እግሩ ደህና ነው። ሩቅ ይሄዳል።»

ይህ ምን ማለት እንደሆነ ማንም ሊነግረኝ አያስፈልግም ነበር። መንጋጋው የተሰበረ እንስሳ አያኝክም። ጥይቱ አይገድለውም፤ የሚገድለው ረሃብ ነው።

ሁለት ሰዓት ያህል ተከተልነው፤ እሳቸው ከፊት፣ እኔ ከኋላ። አንዳንድ ቦታ ቅጠል ላይ የደም ጠብታ፣ አንዳንድ ቦታ ግንድ ላይ የተላከከ ቀይ ልጋግ እናገኛለን። ወንዙ ጋ ስንደርስ ዝናብ ጣለ። ትልቅ ዛፍ ሥር ተጠልለን ጠበቅን። ሲያባራ ቅጠሉ ሁሉ ታጥቦ ዱካ የሚባል ነገር አልነበረም።

«ውኃውን ይዘን ወደ ታች እንሂድ» አሉ ጋሼ። «አፉ ይቃጠላል። ከውኃ አይርቅም። እኔ በዚህ ዳር፣ አንተ በዚያ ዳር።»

ሰዓቴን አየሁ፤ ስድስት ሰዓት አልፏል። ምን እንደምላቸው ሳስብ ከወንዙ ማዶ፣ ከአንድ የቡና እርሻ ዳር፣ አንዲት ሴት ድኩላ ብቅ አለች። የረጠበ ጀርባዋን አራግፋ ቆመች። ጠመንጃውን አነሣሁ። ጋሼ መዳፋቸውን አፈሙዙ ላይ ጫኑት።

«አንዱን ወስደሃል።»

«የት አለ የወሰድኩት? ባዶ እጄን አይደለም እንዴ የቆምኩት?»

«ጫካ ውስጥ አለ። አልያዝከውም እንጂ ያንተ ነው። አባቴ ያቆሰለውን ሳያገኝ ሌላ አይወጋም። ካጣው ጦሩን ይሰቅላል፤ ብዙ ጊዜ አያወርድም።»

«ሊድንም ይችላል እኮ፣ ጋሼ።»

«መንጋጋ ይበቅላል?» ፊቴን አዩኝ። «ሐኪሙ አንተ ነህ።»

ተቆጣሁ። ሰው መጥራቴን፣ ጫካው ሙሉ ድኩላ መሆኑን፣ ለአንድ አውሬ ቀኑን ሙሉ እንደማልንከራተት ነገርኳቸው። ድምፄን ከፍ አድርጌ አልነበረም፤ ድኩላዋ እንዳትሸሽ እያንሾካሾክሁ ነበር የምቆጣው። በመጨረሻ እጃቸውን አነሡ። የሥራ ሰዓታቸውን የምፈርምላቸው እኔ ነበርኩ። ይህን ሁለታችንም እናውቃለን።

ተኮስኩ። ባለችበት ወደቀች። ወንዙን በመሻገሪያው ተሻግሬ ሮጥኩና ነፍሷ ሳይወጣ በስመ አብ ብዬ አረድኳት። ቀና ስል ጋሼ በወዲያኛው ዳር ውኃውን ይዘው ወደ ታች እየሄዱ ነበር። በእጃቸው ጦራቸው ብቻ አለ።

«ጋሼ! ሥጋውን ማን ያግዘኛል?» ብዬ ጮህኩ።

አልዞሩም።

እሑድ እንግዶቼ መጡ። ሥጋው ለስላሳ ነበር፤ ሁሉም አመሰገነ። ከመካከላቸው የላቦራቶሪ ባለሙያው «ሁለት ተኩስ ሰማን፤ ሌላኛውስ?» ብሎ ጠየቀኝ።

«ሳትኩ» አልኩት።

ተሳሳቁ። እኔም ሳቅሁ።

ሰኞ ጠዋት ጋሼን በር ላይ አገኘኋቸው። እግራቸው በእሾህ ተቧጥጧል። ቅዳሜ እስኪመሽ፣ እሑድም ቸርች ቀርተው ሲፈልጉት እንደዋሉ ከጽዳት ሠራተኛዋ ሰማሁ። እሳቸው ራሳቸው «አጣሁት» ብቻ አሉኝ። ደረቅ ሥጋ በላስቲክ ጠቅልዬ አምጥቼላቸው ነበር። «ለልጆችህ» ብለው መለሱልኝ።

ከዚያ በኋላ በነበረው ሳምንት፣ ማክሰኞ ዕለት፣ መድኃኒት ያቋረጠ ሰው ፍለጋ ወጣሁ። ቤቱ ከወንዙ ማዶ ነው። በአቋራጩ ስሄድ ወደ ወንዙ የምትገባ ትንሽ ጅረት አለች፤ እዚያ ስደርስ መጀመሪያ የመጣብኝ ሽታው ነው። ሰው ወይም ከብት የሞተ መሰለኝ። ቅጠሉን ገልጬ ሳይ ድኩላው ጭኑ ድረስ ውኃ ውስጥ ቆሟል።

የጎድን አጥንቱ አንድ በአንድ ይቆጠራል። የታችኛው መንጋጋው በቆዳ ብቻ ተንጠልጥሎ፣ ምላሱ አብጦና ጠቁሮ ወጥቷል። ቁስሉ ተልቶ ነበር። ዐይኑ ግን ጥርት ያለ ነው። ተጠጋሁት፤ አልሸሸም። አፉን ወደ ውኃው ዝቅ ያደርጋል፤ ቀና ሲል ውኃው መልሶ ይፈስሳል። አሥር ቀን ይህን ሲያደርግ ነበር የኖረው።

ቦርሳዬ ውስጥ ካርድና ክኒን እንጂ ስለት አልነበረም። ወደ በሽተኛው ቤት ሮጥኩ። በረንዳው ላይ ተኝቶ አገኘሁት። እንደምን አደርክም አላልኩት፤ «ገጀራ ስጠኝ» አልኩት። ደነገጠ። ምክንያቱን ስነግረው ተነሥቶ እያሳለ ከኋላዬ ተከተለኝ።

በአንድ ምት አልሞተም። በሁለትም አልሞተም። ውኃው ውስጥ ያለው ድንጋይ ያንሸራትት ነበር። ሲያበቃ ጎትተን አወጣነው። ክብደት የሚባል ነገር አልቀረበትም። በሽተኛው ዳር ላይ ቁጭ ብሎ ትንፋሹን እየሰበሰበ ቆየና «ማነው እንዲህ ያደረገው?» አለኝ።

«እኔ ነኝ።»

ድኩላውን በቅጠልና በድንጋይ ከደንነው። ከዚያ ቤቱ ተመልሰን መድኃኒቱን ለምን እንዳቋረጠ ተነጋገርን። በባዶ ሆዱ ሲውጠው ያስመልሰው ነበር። ያን ቀን ክኒኑን ፊቴ ዋጠ።

ስመለስ ለጋሼ ነገርኳቸው። የት እንደሆነ ጠየቁኝ፤ ጅረቷን ስነግራቸው ወዲያው አወቋት። ድኩላዋን ካረድኩበት ቦታ ሩቅ አይደለችም፤ ያለችውም እሳቸው ሂድበት ባሉኝ ዳር ነው።

«እኔ ልሻገር ነበር» አሉ። «ዝናቡ ከታች ውኃውን ሞላብኝ።»

ቢጮሁብኝ ይቀለኝ ነበር። ከዚያ በኋላ ሰላምታ አልነፈጉኝም፤ ጫካ ግን አብረውኝ አልገቡም።

ያን ቀን አደን ተውኩ ብል ደስ ይለኝ ነበር፤ ግን አልተውኩም። ጾሙ ሲፈታ ብቻዬን ሁለት ጊዜ ወጥቻለሁ። አንዱን ቀን ምንም አላገኘሁም። በሌላው ቀን አንዲት ሚዳቋ ጥላ ውስጥ ቆማ አግኝቼ ተኮስኩ፤ መምታት አለመምታቴን እስከ ዛሬ አላውቅም። ያን ጊዜ ግን እስኪመሽ ፈለግሁ። ደምም ዱካም አጣሁ። ከወር በኋላ አከራዬ ጠመንጃውን ሸጠው፤ አደኔም በዚያው ቀረ።

አሁን ጋምቤላ ከተማ ነኝ፤ ሥራዬ ወረቀት ነው። ባለፈው ዓመት ጋሼ ዐይናቸውን ሊታከሙ መጥተው፣ አንዱ ዐይናቸው በፋሻ ታሽጎ፣ ገበያው አጠገብ ተገናኘን። ሻይ ጠጥተን በባጃጅ መናኸሪያ ድረስ ሸኘኋቸው። መንገድ ላይ «ታድናለህ?» አሉኝ።

«አቁሜያለሁ።»

«በዚያ ድኩላ?»

አዎ ማለት ቀላል ነበር። «አይ፣ ጋሼ። ከዚያም በኋላ ወጥቻለሁ። ጠመንጃው ስለተሸጠ ነው።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። ቀጥለውም ያ በሽተኛ ድኖ ቡና መትከሉን ነገሩኝ። «የድኩላውን ነገር ለሰው ሁሉ ያወራል» አሉ። «ሐኪሙ እያለቀሰ ገደለው ይላል።»

«አላለቀስኩም» አልኳቸው።

«አውቃለሁ» አሉ።

መናኸሪያው ደረስን። ዕቃቸውን ተሸክሜ መኪናው ውስጥ አስገባሁላቸው። የታሸገው ዐይናቸው በእኔ በኩል ስለነበር፣ መኪናው ሲነሣ እጄን ማንሣቴን ያዩ አልመሰለኝም።