የቦዩ ተረኞች

መርካቶ ውስጥ ከራጉኤል ቤተ ክርስቲያን ጀርባ ያለውን ግቢያችንን እንግዳ ሲመጣ እጁን ይዤ ነው የማስጎበኘው። በየግድግዳው ሥር፣ በአሮጌ የቀለም ባልዲ የበቀለውን ቆስጣ አሳያለሁ። ከቦኖው ኋላ ያለውን የኮምፖስት ጉድጓድ እከፍትና "እስቲ አሽትተው፣ ይሸታል?" እላለሁ። ጉራ ነው ካላችሁ ጉራ ነው። በላባችን ያገኘነው ስለሆነ አላፍርበትም።

ነገሩ የተጀመረው በግድግዳ ጎረቤቴ ምክንያት ነው። ሁላችንም እትዬ ነው የምንላቸው። ልጆቻችንን አብረውን ያሳደጉ፣ በሐዘናችን ቀን ከማንም ቀድመው የሚደርሱ ሴት ናቸው። ቤታቸው ግቢው ዝቅ የሚልበት ቦታ ላይ ስለሆነ ክረምት በመጣ ቁጥር ጎርፍ ይገባባቸዋል። ጎርፉን የምናስገባባቸው ደግሞ እኛው ነበርን፤ የሽንኩርት ልጣጩን፣ የጎመን ግንዱን፣ ፌስታሉን ሁሉ እየወረወርን ቦዩን እንደፍነው ነበር። አንድ ክረምት ውሃው አልጋቸው ድረስ ደረሰ። ኮንዶሚኒየም የሚኖረው ልጃቸው "እማዬ፣ አንድ ጊዜ ደግሞ ከገባ እወስድሻለሁ" ብሎ ቁርጡን ነገራቸው። ኋላ እኔና እትዬ ብቻችንን ስንሆን "እዚያ አራተኛ ፎቅ ላይ ማን ደህና አደርሽ ሊለኝ ነው?" አሉኝ።

በማግስቱ ጎረቤቱን ሰበሰብኩ። ፕላስቲኩ ለቆራሌው፣ ፌስታሉ ለቆሻሻ ሰብሳቢዎቹ፣ የወጥ ቤቱ ትርፍራፊ ለኮምፖስት እንዲሆን ተስማማን። ቦዩ ውስጥ ግን ምንም እንዳይጣል። ለመጥረጉም ተራ አወጣን፤ አርብ ሙስሊሞቹ ጁምዓ ሲሄዱ ክርስቲያኖቹ፣ እሁድ ክርስቲያኖቹ ቅዳሴ ሲሄዱ ሙስሊሞቹ። ይህን ለመወሰን አምስት ደቂቃ እንኳ አልፈጀብንም።

ያበላሸሁት እኔው ነኝ። የምሠራው በርበሬ መሸጫው፣ በርበሬ በረንዳ ነው። ዛላው ሲራገፍ ወለሉ ላይ የሚቀረው ጥራጊ፣ ፍሬውም ብናኙም፣ ሲጣል ባየሁ ቁጥር ያንገበግበኛል። "ይኼስ ከአፈር የወጣ አይደል?" ብዬ ሁለት ጆንያ አሸክሜ አመጣሁና ጉድጓዱ ውስጥ ገለበጥኩት። ከሳምንት በኋላ ኮምፖስቱ ሲገላበጥ ጉድ ፈላ። ግቢው በሙሉ ያነጥስ ጀመር፣ ሕፃናቱ አለቀሱ። ፊት ለፊቴ የሚኖሩት ጋሼ ዓይናቸውን እያሹ ወጥተው "አንቺ ሴትዮ፣ በቁማችን አዋዜ ልትቀቢን ነው እንዴ?" ብለው ጮኹብኝ።

ጥፋቴን ማመን ሲገባኝ ደሜ ፈላ። "በርበሬ የማይችል ሰው መርካቶ ምን ያደርጋል!" ብዬ መለስኩላቸው። በቃ፣ ከዚያን ቀን ጀምሮ ሰው ጉድጓዱን ሸሸው። ብዙም ሳይቆይ ቦዩ ውስጥ የሽንኩርት ልጣጭ አየሁ። ሰማዩ ደግሞ መጥቆር ጀምሯል።

እትዬ አንድም ቀን አልወቀሱኝም። ቤታቸው ስገባ ግን ዕቃቸውን በካርቶን እየከተቱ አገኘኋቸው። የእኔ እልክ እሳቸውን ሊያስነቅል እንደሆነ ያኔ ገባኝና አፈርኩ።

አካፋ አነሳሁ። አፍንጫዬን በሻሽ ጠቅልዬ በርበሬ የነካውን ሁሉ ከጉድጓዱ እየዛቅኩ ጆንያ ውስጥ ስመልስ ዋልኩ። ከዚያ ዓይኔን በጨው ታጥቤ፣ ባልዲ ይዤ ቤት ለቤት ወጣሁ። የመጀመሪያው በር የጋሼ ነበር።

"ጋሼ፣ አጥፍቻለሁ፣ ይቅር ይበሉኝ። የዛሬውን ልጣጭ ለእኔ ይስጡኝ" አልኳቸው።

ቀና ብለው አዩኝ። "ዓይንሽ ደም መስሏል እኮ፣ አንቺ ልጅ" አሉና ባልዲውን ከእጄ ተቀበሉኝ። ቀጣዩን በር ያንኳኩት እሳቸው ናቸው። በሦስተኛው ቀን መዞሩ አላስፈለገንም፤ ሰው በራሱ እግር ያመጣ ጀመር።

ትልቁ ዝናብ የመጣው እሁድ ረፋድ ላይ ነው። ከቅዳሴ በሩጫ ስንመለስ ሙስሊም ጎረቤቶቻችን ቦዩ ውስጥ ቆመዋል። ጋሼ ሱሪያቸውን እስከ ጉልበታቸው ጠቅልለው፣ ከላይኛው ሰፈር የሚመጣውን ጉድ በአካፋ እያወጡ ነበር። ነጠላዬን አጥር ላይ ጥዬ ገባሁ፣ ሌሎቹም ተከተሉኝ። ውሃው በእትዬ ደጃፍ እየተምዘገዘገ አለፈ። ጭቃ በጭቃ ሆነን ዙሪያዬን ሳይ ልቤ ቅቤ ጠጣ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን በሰፈሬ ኮርቼ አላውቅም።

ከሰዓት በኋላ የእትዬ ልጅ ፒካፕ ይዞ መጣ። ካርቶን ሊያነሳ ጎንበስ ሲል እትዬ እጁን ያዙት። ምንጣፉን ገልጠው ወለሉን አስነኩት። ደረቅ ነው። ተንበርክኮ አልጋው ሥር ድረስ ዳበሰ፤ እዚያም ደረቅ ነው። እኛ በሩ ላይ ተኮልኩለን እናያለን።

"በል እንግዲህ ልጄ" አሉት፣ "እኔን ለመውሰድ ሌላ ሰበብ ፈልግ።"

እሱም እንደተንበረከከ የመጀመሪያውን ካርቶን ወደ ራሱ ሳበና ዕቃዎቹን አንድ በአንድ ወደ ቦታቸው ይመልስ ጀመር።