በእህቷ ስም የተቆጠረ ዘመን

ታይም ኪፐር ነበርኩ። ከቴፒ ወጣ ብሎ ባለ አንድ የቡና እርሻ በየማለዳው ስም እየጠራሁ የመጣውንና የቀረውን ሠራተኛ እመዘግባለሁ። አምስት ደቂቃ ላረፈደ ሰው "ተመለስ ወደ ቤትህ!" የምል ግልፍተኛ ነበርኩ። አሁን ሳስበው ያ ሁሉ ጩኸት ለማን እንደነበር እንጃ። መናገር የነበረብኝ አንድ ቀን ነበር፤ ያን ቀን ደግሞ አፌ ተሳሰረ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በእኛ እርሻ ቋሚ ሠራተኛ መሆን ማለት ቁጥር ማግኘት ማለት ነበር። ቁጥር ያለው ክረምት ከበጋ ሥራ አለው፤ የሌለው ግን የሚፈለገው ቀይ እሸቱ ተለቅሞ እስኪያልቅ ነው። ስለዚህ አንዴ የተገኘ ቁጥር ከቤተሰብ አይወጣም። አንዷ ብትታመም ወይም አግብታ ራቅ ብላ ብትሄድ እህቷ በማግስቱ መጥታ በዚያው ቁጥር ትሰለፋለች። ካቦውም ያውቃል፣ እኔም አውቃለሁ። ከላይ ያሉትም ቢሆኑ አረሙ ከታረመ ማን አረመው ብለው አይጠይቁም። ወንጀል ነው ያለን ሰው አልነበረም። እኛ "መተካት" ነበር የምንለው።

ከተተኪዎቹ አንዷ የሸኮ ልጅ ነበረች። ታላቅ እህቷ ቁጥር በያዘች በሦስተኛው ዓመት በወሊድ ሞተችና የለቅሶው ድንኳን ሳይነሣ እሷ መጣች። "ማን ብዬ ልጥራሽ?" ብላት፣ "በእሷው ስም ጥራኝ፤ ምን ቸገረህ?" አለችኝ። እውነትም አልቸገረኝም። አሥራ ስድስት ዓመት ሙሉ በየማለዳው የሞተችን ሴት ስም ጠራሁ፤ በሕይወት ያለችው "አቤት!" አለች። አንድም ቀን አልቀረችም ብል ማጋነን ይሆናል፤ በመካከሉ ሁለቴ ወልዳለች፣ ወባም ጥሏታል። ግን ያ የኛ አገር ዝናብ ሲወርድ፣ ጎበዝ ነን ባይ ወንዶች ማዳበሪያ ጆንያ ተከናንበው ዛፍ ሥር ሲሸጎጡ፣ እሷ ጎንበስ ብላ ታርማለች። ምላሷ ደግሞ አይጣል ነው። "አንተ ታይም ኪፐር፣ አንተን ማን ነው የሚቆጣጠርህ?" ትለኛለች በሰው ፊት። እኔም እስቃለሁ።

ከዚያ እርሻው ባለቤት ቀየረ። አዲሱ ኩባንያ ገና ከመግባቱ ስለ ጡረታ ስብሰባ ጠራን፤ ቡና ማድረቂያ አልጋዎቹ ዘንድ ተሰበሰብን። ሥራ አስኪያጁ፣ ያለፈው አገልግሎታችሁ ለጡረታ የሚያዘው መታወቂያችሁ ስትቀጠሩ ከተከፈተው ማኅደር ጋር ሲገጥም ብቻ ነው፣ ያልገጠመለት ሰው ከዛሬ ጀምሮ እንደ አዲስ ይቆጠራል አለ። በዚያው ሳምንት የአለቆቹ አዲስ ደመወዝና የቤት አበል የተጻፈበት ወረቀት ከቢሮ ሾልኮ ወጥቶ በየሻይ ቤቱ ይነበብ ነበር። ያረጀ የቡና ግንድ እየቆረጡ በመጎንደል ዕድሜያቸውን የፈጁ አንድ ሽማግሌ ተነሡና፣ "ይቅርታ ጌታዬ፣ የእናንተ ደመወዝ የተጨመረው ማኅደራችሁ ተጣርቶ ነው?" አሉ። ሳቁ ሌላ ሆነ! ሥራ አስኪያጁ ግን አልደነገጠም። "የእኛ በገበያ ዋጋ ነው። ሥራ አስኪያጅ በደንብ ካልተከፈለው ይሄዳል" አለ። "እኛ መሄጃ ስለሌለን ነዋ!" ብለው ሽማግሌው ተቀመጡ።

"ከጅብ ቆዳ የተሠራ ክራር ቅኝቱ እንብላው እንብላው ነው" አለ አንዱ ከኋላዬ። እኔም ሳቅሁ፤ አፌን በእጄ ሸፍኜ። ለምን መሰላችሁ? ማጣራቱ ያለ ኮሽታ ካለቀ የመስክ ኃላፊ እንደምሆን ቢሮ ጠርተው ሹክ ብለውኝ ነበር። ከዚያ ከሚታማው አበል ፍርፋሪው ለእኔም ሊደርስ ነው።

ስብሰባው ሲበተን ያቺ የሸኮ ልጅ ተከተለችኝ። "የእኔ ነገር እንዴት ሊሆን ነው?" አለች። "አይዞሽ፣ እኔ አለሁ አይደል? ስትሠራ የኖረችው እሷ ናት ብዬ እፈርምልሻለሁ" አልኳት። እንዲህ ያልኩት ከልቤ ነበር።

ተራዋ በሦስተኛው ቀን ደረሰ። ሌሎቹ ተተኪዎች ውጭ አግዳሚው ላይ ተደርድረው ይጠብቃሉ። የሰው ኃይል ኃላፊው፣ ከከተማ የመጣ ልጅ እግር ሰው፣ ማኅደሩን ከፈተ። የሟቿን ፎቶ አየ፤ እሷን አየ።

"ይቺ አንቺ ነሽ?"

"እህቴ ናት። ሞታለች።"

"ታዲያ ይህን ሁሉ ዓመት ደመወዝ የበላው የሞተ ሰው ነው?"

"የሠራሁት እኔ ነኝ። እጄን እየው!" ብላ መዳፏን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋች።

እጇን አላየም። ወደ እኔ ዞረና፣ "ስም ትጠራ የነበርከው አንተ ነህ። ታውቅ ነበር?" አለኝ።

አውቃለሁ ብል የሐሰት መዝገብ ያዥ ልባል ነው። እንኳን ሹመቱ እንጀራዬም ሊሄድ ነው። "አላውቅም ነበር" አልኩ።

አሁን ትጮኻለች፣ ታዋርደኛለች ብዬ ጠበቅሁ። እሷ ግን አንድ ጊዜ አየችኝና፣ "እውነቱን ነው። እሱ አያውቅም፤ ያታለልኩት እኔ ነኝ" አለች። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። በዚያው ወር ሾሙኝ።

እሷ ሚዛን ተፈሪ ስትመላለስ ከረመች። አንዱ ቢሮ የሟች ወራሽ መሆንሽን አስመስክረሽ ነይ አላት። ጉድ በሉ! በገዛ ጉልበቷ የሠራችውን ዘመን ከእህቷ ልትወርስ! እሱንም ስትሞክር ጡረታ ለእህት አይተላለፍም ብለው መለሷት። የአሥራ ስድስት ዓመት ድካሟን ውሃ በላው። ራቅ ያለ ሌላ እርሻ እንደ አዲስ ተቀጥራ ጥቂት ሠራች፤ ለጡረታ ሳትበቃ ጉልበቷ ከዳት። እኔ ሙሉ ዘመኔ ተይዞልኝ በክብር ተሸኘሁ። የሹመቱም ጭማሪ ጡረታዬ ውስጥ አለ። በየወሩ ስቀበል አፍራለሁ፤ እያፈርኩም እቀበላለሁ።

ጡረታ ከወጣሁ በኋላ ቴፒ ገበያ ውስጥ አየኋት። ኮረሪማ መሬት ላይ ዘርግታ ትሸጣለች። ሹልክ ልል ስል "ታይም ኪፐር!" ብላ ጠራችኝ። አጠገቧ ቁጢጥ አልኩ። ስንት ዓመት ሆዴ ውስጥ የኖረውን ጠየቅኋት፦

"ያን ቀን ለምን ዋሸሽልኝ እህቴ?"

"የእኔ ነገር እንደሆነ አልቆለት ነበር" አለች። "ሁለታችንም ከምንወድቅ፣ አንተ ከቢሮው ሰዎች ጋር ከቀረህ ውጭ ለተቀመጡት መላ አታጣም ብዬ ነው። እነሱስ እንዴት ሆኑ? ስንቶቹን አተረፍክ?"

ከእሷ በኋላ ሰባት ሴቶች እዚያ ጠረጴዛ ፊት ቆመዋል። ለሰባቱም ያችኑ "አላውቅም ነበር" ብያለሁ። አሁን ግን ለእሷ መዋሸት አልሆነልኝም፤ ነገርኳት።

"ወይኔ!" አለች። "እኔ እኮ የዋሸሁት ለእነሱ ብዬ ነበር።"