ሰው የበዛበት ፊልም

ሥራ የጀመርሁ ቀን ሮኒት የሰጠችኝ የቁም ሣጥን ቁልፍና የፕሮጀክተር መቆጣጠሪያ ነው። ሮኒት በእስራኤል፣ በኔታንያ ከተማ፣ የሠፈራችን የማኅበረሰብ ማእከል፣ የመትናሱ፣ ኃላፊ ነበረች። «ሐሙስ ሐሙስ ለሽማግሌዎቹ ዘጋቢ ፊልም ታሳያለሽ» አለችኝ በዕብራይስጥ። «አንቺ ትመርጫለሽ፣ አንቺ ታስተዋውቂያለሽ፣ አንቺ ወደ አማርኛ ትተረጉሚያለሽ። አዳራሹ ባዶ ከሆነ ግን በጀቱን ለስፖርት ክፍል ይሰጡታል።»

በፈረንጅ አቆጣጠር 2014 ገደማ ነው። ወጣቱ ፊልም በስልኩ ማየት ጀምሮ ነበር፤ እኛ ግን ገና በዲቪዲ ነበርን። ከዚያ በፊት ፖሌግ በሚገኝ ፋብሪካ ሳሙና አሽግ ነበር። ወደዚያ መመለስ ፈጽሞ አልፈልግም ነበር።

ለመጀመሪያው ሐሙስ ሽልማት በሽልማት የሆነ ፊልም አመጣሁ። አንድ ፈረንጅ ሽማግሌ ብቻውን በጎጆው ተቀምጦ ፒያኖ ይሠራል። እኔ ወድጄው ነበር። ሽማግሌዎቹ ግን አንድ ባንድ መውጣት ጀመሩ። አንዱ መድኃኒቴ ደረሰ አለ፣ ሌላው ለጸሎት አለ፣ ሌላው ምንም ሳይል ባርኔጣውን አንሥቶ ሄደ። ሮኒት በሩ ላይ ቆማ ትቆጥራቸዋለች። እኔ ማይኩን ይዤ ስለ ፒያኖ አውታር እተረጉማለሁ።

መጨረሻ ላይ የቀሩት እምየ ብርቄ ብቻ ነበሩ። የወገራ ሰው ናቸው፤ እንደ ብዙዎቹ ቤተ እስራኤላውያን በሱዳን በኩል የመጡ፣ ቀጠን ያሉ፣ ወፍራም መነጽር የሚያደርጉ ባልቴት። የፊተኛው ወንበር ላይ ተቀምጠው እስከ መጨረሻው አዩ። መብራቱ ሲበራ «ልጄ፣ ሰው የበዛበት የለሽም?» አሉኝ። «አንድ ሰው ብቻውን እንጨት ሲፍቅ ምኑ ይታያል?»

ያን ቃል እንደ ሥራ መመሪያ ያዝሁት። በሚቀጥለው ሐሙስ ስለ ገበያ፣ ከዚያ ስለ ባቡር ጣቢያ፣ ከዚያ ስለ ወደብ ሠራተኞች የተሠሩ ፊልሞችን አመጣሁ። አዳራሹ ሞላ። እምየ ብርቄ አንድም ሐሙስ አልቀሩም። ሕዝብ በሚታይበት ቦታ መነጽራቸውን አውልቀው ይጠርጋሉ፣ መልሰው ያደርጋሉ፣ ከወንበሩም ግማሽ ይነሣሉ። ከኋላ ያሉት «አይታየንም!» ብለው ይጮኹባቸዋል። እኔ ደግሞ እንዲህ ፊልም የሚወድ ሰው አይቼ አላውቅም እያልሁ እኩራራለሁ።

ፊልም ማስተዋወቅ እንደሚመስለው ቀላል አይደለም። በአውቶቡስ ጣቢያው ሱቆች መስተዋት ላይ የምለጥፈው ወረቀት «ድንቅ ፊልም፣ እንዳያመልጣችሁ» አይልም። እንዲህ ያለውን ማንም አያምነውም። ማን እንደሚታይበት፣ ሰውየው ምን እንደሚፈልግ፣ የፈለገው ነገር ቀላል ይሁን ከባድ እጽፋለሁ። ከሥር ደግሞ ሁልጊዜ አንድ መስመር አለ፦ ሞት አለበት፣ ወይም ሞት የለበትም።

ያን መስመር ያስጨመረኝ ስለ ዓሣ አጥማጆች የተሠራ አንድ ፊልም ነው። ሳላስጠነቅቅ የቀብር ሥርዓት መጣ። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው እሪ አሉ። አንደኛዋ የሟቹን ስም ከእኔ ተቀብላ ሙሾ አወረደችለት፤ ኖርዌያዊ ዓሣ አጥማጅ በጎንደር ሙሾ ተለቀሰለት። የጥበቃ ሠራተኛው አደጋ የደረሰ መስሎት በሩን በርግዶ ገባ። ዛሬ ሳወራው እስቃለሁ። የዚያን ቀን ግን ሮኒት ቢሮዋ ጠርታኝ «ሰው ልትገድይብኝ ነው?» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ እስከ መጨረሻው ሳላየው ያስተዋወቅሁት ፊልም የለም።

አንዱን ግን ሮኒት ቀደመችኝ። ሕዝባችን በሱዳን በኩል ስለመጣበት መንገድ አዲስ ፊልም ተሠርቶ ዳይሬክተሩ ራሱ ከቴል አቪቭ ሊመጣልን ተስማማ። ሮኒት በደስታ ለአማርኛው ሬዲዮ ነገረች፣ ወረቀቱንም አሳትማ አስለጠፈች። ኔታንያ፣ ጎረቤቷ ክፋር ዮና ሳይል ሰው ሁሉ ሐሙስን መጠበቅ ያዘ። ዲቪዲው እኔ እጅ የገባው እሑድ ነው።

ብቻዬን አዳራሹ ውስጥ ተቀምጬ አየሁት። ጥሩ ፊልም ነው፣ ምንም እንከን አይወጣለትም። መሐል ላይ አንድ ትግርኛ ተናጋሪ ሽማግሌ ይመጣል፤ ንግግሩ ከሥር በዕብራይስጥ ተጽፏል። «የስደተኞቹ ካምፕ ውስጥ አጠገቤ አንድ የወገራ ቀጥቃጭ ነበረ» ይላል። «ካሴ ፈረደ ይባላል። የግራ አውራ ጣቱን ብረት ሲቀጠቅጥ መዶሻ በልቶታል። ክንዴ ላይ ሞተ። አካፋ አልነበረንም፤ በምግብ ሳሕን ቆፍሬ ቀበርሁት።»

ፊልሙን አቆምሁት። እምየ ብርቄ የፈረደ ልጅ ናቸው። የወገራ ቀጥቃጭ ቤተሰብ ናቸው። አውራ ጣቱ የጎደለ ወንድም እንዳላቸውም ሰምቻለሁ። ስለ እሱ ሲያወሩ ግን አንድ ቀን እንኳ «ነበረ» ብለው አያውቁም፤ «ካሴ አለ» ነው የሚሉ።

ትልቁ ልጃቸው አድማሱ የክፋር ዮና መስመር አውቶቡስ ሹፌር ነው። በማግስቱ ጣቢያው ሄጄ በእረፍቱ ሰዓት ያዝሁት። የአጎቱን ስም ስጠራ እጁ ላይ የነበረውን ሳንድዊች ወደ ወረቀቱ መለሰው።

«ማን ነገረሽ?»

«ሰረቱ። የሐሙሱ ፊልም።»

ዙሪያውን አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «የቀበረው ሰው እዚህ እንደገባን ለአባቴ ነግሮት ነበር፤ ለአባቴ ብቻ። ያን ጊዜ እማ አራስ ነበረች። አራስ ደግሞ መርዶ አይነገራትም። ከአራስነት ስትወጣ እንነግራታለን አለ አባቴ። ከዚያ ሕፃኑ ታመመ። ከዚያ የእኔ ኻቱና፣ ሰርጌ መጣ፤ ሰርግ ላይ መርዶ ይነገራል? ከዚያ አባቴ ሞተና ነገሩ እኔ እጅ ቀረ። ከዚያ ስኳር ተገኘባት። መርዶ እኮ ቀን አለው። ቀኑ አለፈን በቃ።»

«ሠላሳ ዓመት?»

«አንቺ ብትሆኚ ትነግሪያት ነበር?» አለ ተቆጥቶ። ወዲያው ደግሞ ለመነኝ። «እሷ ትግርኛ አትሰማም፣ ዕብራይስጡንም አታነብም። የምትሰማው ያንቺን አፍ ነው። ያችን ቃል ብቻ ዝለያት። በሞቴ!»

«አዳራሹ ውስጥ ትግርኛ የሚሰማ የለም? ዕብራይስጥ የሚያነብ የለም?»

«ሐሙስ ወደ ሐኪም እወስዳታለሁ። አትመጣም።»

«ዓርብ ጠዋት ገበያ ስትወጣ እግዜር ያጽናሽ ሲሏትስ?»

ሰዓቱን አየ። አውቶቡሱን የሚጠብቁ ሰዎች ተሰልፈው ወደ እኛ ያያሉ። መነሻው ደርሶ ነበር፤ ሳንድዊቹን ኪሱ ከትቶ አውቶቡሱ ላይ ወጣ።

ሮኒትም ያው ነች። «አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፣ ዝለይው» አለችኝ። እኛ ሞት የምንናገርበት ሥርዓት እንዳለን አስረዳኋት። በንጋት፣ ዘመድ ተሰብስቦ፣ ሽማግሌ አፍ አውጥቶ ነው እንጂ ማንም ብድግ ብሎ አይናገርም፤ በድምፅ ማጉያማ ከቶ የማይታሰብ ነው። ሰማችኝ፤ ግን ዳይሬክተሩ ተጋብዟል፣ የማዘጋጃ ቤት ሰዎች ይመጣሉ። «ሐሙስ ማይኩን ካልያዝሽ ሌላ ተርጓሚ አመጣለሁ። ከዚያ ወዲያ ስለ ሥራሽ ቃል አልገባልሽም።»

ከቢሮዋ ወጥቼ ባዶው አዳራሽ ውስጥ ተቀመጥሁ። ብዘል ትርጉሜ ውሸት ይሆናል፤ አዳራሹ ዕለቱን ያውቅብኛል። ብተረጉም ደግሞ የእምየ ብርቄን ወንድም በገዛ አፌ፣ ሁለት መቶ ሰው ፊት ልቀብረው ነው። እውነቱን ለመናገር ፈራሁ። ለእንጀራዬም ለሳቸውም ፈራሁ።

በዚያው ምሽት አባ ፈንታ ዘንድ ሄድሁ። አባ ፈንታ የወገራ ሰዎች ሽማግሌ ናቸው፤ በሠፈሩ መርዶ ሲኖር አፍ የሚያወጡት እሳቸው ናቸው። ነገሩን ሲሰሙ ከዘራቸውን አነሡ። አድማሱ ቤት አብረን ሄድን።

«መርዶ እንደ ቅርስ ከአባት ለልጅ ይወረሳል እንዴ?» አሉት ገና ሳይቀመጡ።

«አባ፣ ብትሞትብኝስ?»

«አንተ ስትፈራ ያቺ ሴት ሙቷን ሳታለቅስ አረጀች። ረቡዕ ሊነጋ ሲል እንመጣለን። እኅት ወንድሞችህን ጥራ። መድኃኒቷንም አዘጋጅ።» ወደ እኔ ዞሩ። «አንቺም ትመጪያለሽ። ነገሩን የሰማሽው አንቺ ነሽ።»

ረቡዕ ጎሕ ሳይቀድ ከሕንጻው ሥር ተሰበሰብን። ሁሉም በሹክሹክታ ነው የሚያወራ። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል። ሊፍቱ ይጮኻል ብለን በደረጃ ወጣን። አድማሱ የስኳር መድኃኒቱን በእጁ ጨብጦ ከፊት ነበር፤ በሩ ላይ ሲደርስ ማንኳኳት አቃተው። አባ ፈንታ በከዘራቸው አንኳኩ።

እምየ ብርቄ ከፈቱ። ከአገራችን የመጣ ሰው በንጋት ደጁ ላይ ያን ያህል ሰው ሲያይ ምን እንደመጣ አይጠፋውም። አልጮኹም። መነጽራቸውን ፈልገው አደረጉና የልጆቻቸውን ፊት አንድ ባንድ ማየት ጀመሩ። የትኛው እንደጎደለ እየፈለጉ ነው። ሁሉም ነበሩ። የመጨረሻይቱን ሲያዩ ትንፋሻቸው ተመለሰ።

«ልጆቼ አሉ። ታዲያ ማነው?»

«ብርቄ፣ ቁጭ በይ» አሉ አባ ፈንታ። ተቀመጡ። «ካሴን እግዜር ወስዶታል። ያኔ ነው፣ ሱዳን ሳለን። የሰው እጅ ቀብሮታል፤ ሜዳ አልቀረም።»

እምየ ብርቄ ጉልበታቸውን በመዳፋቸው ይዘው ወለሉን ያያሉ። አድማሱ አንድ እርምጃ ቀረበ።

«ያኔ?» አሉ በመጨረሻ። «ታዲያ ማንን ስፈልግ ነው የኖርሁት?» ቀና ሲሉ ዓይናቸው እኔ ላይ አረፈ። «አንቺ ልጅ፣ በየሰረትሽ ማንን ስፈልግ ነው? በዚያ ሁሉ ገበያ፣ በዚያ ሁሉ ባቡር?»

ያን ጊዜ ገባኝ። ፊልም ወዳድ ያልኋቸው ሴት፣ ከሐሙስ ሐሙስ በየአገሩ ሕዝብ መሐል አውራ ጣቱ የጎደለ ሰው ሲፈልጉ ኖረዋል። ዓለም አንድ ካምፕ ናት፤ የጠፋ ሰው በአንዱ በኩል ብቅ ይላል ብለው። ልቤ ተሰበረ። ከዚያ ለቅሶው ተነሣ፤ እኔም ከሴቶቹ ጋር አለቀስሁ።

ስወጣ እጄን ያዙኝ፤ የፊልሙን ነገር በለቅሶው መሐል ሰምተዋል። «የነገው ሰረት የቀበረው ሰው ያለበት ነው?»

«አዎ፣ እምየ።»

«እኔ ለቅሶ ላይ ነኝ፣ አልመጣም። አንዲት ቃል እንዳታስቀሪ። ስትጨርሺ መጥተሽ ንገሪኝ።»

ሐሙስ አዳራሹ ሞልቶ ሰው ግድግዳው ሥር ቆመ። ሮኒት ከኋላ እጇን አጣጥፋ ታየኛለች። ነገሩ ቦታው ሲደርስ ማይኩን በሁለት እጄ ያዝሁት። የሰውየውን ቃል አንድ ሳልጨምር፣ አንድ ሳልቀንስ ተረጎምሁ፦ ቀጥቃጩን፣ አውራ ጣቱን፣ ሳሕኑን። ከመሐል አንድ ሽማግሌ ብድግ አለ። ከዚያ ሌላው፣ ከዚያ አዳራሹ ሁሉ። ያ ክፍል እስኪያልቅ አንድም ሰው አልተቀመጠም። ሮኒትም እጇን ፈትታ ቀጥ ብላ ቆማ ነበር። ስለ ሥራዬ ዳግመኛ አላነሣችብኝም።

በቀጥታ ወደ ለቅሶው ቤት ሄድሁ። የሰማሁትን ሁሉ ነገርኋቸው። ሰምተው ሲጨርሱ «ፊቱን ወደ ኢየሩሳሌም አድርጎ ነው የቀበረው?» አሉኝ።

አድማሱ ከአጠገባቸው ሆኖ በዓይኑ ይለምነኛል፤ አዎ በይ እያለኝ ነው። አዎ ማለት ምን ያህል ቀላል ነበር! ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር።

«እሱን አላለም፣ እምየ» አልሁ።

አድማሱ አንገቱን ደፋ። «ደግ» አሉ እምየ ብርቄ። «አላለም ካልሽኝ፣ ያልሽኝን አምናለሁ። እዚህ ቤት እስከ ዛሬ የሚነገረኝን ማመን እንዳልነበረብኝ ገና አሁን ነው ያወቅሁ።»

ለብዙ ሳምንት የፊተኛው ወንበር ባዶ ነበር። ማንም አልተቀመጠበትም፤ እኔም ሰው በበዛበት ፊልም ላይ ዓይኔ ወደዚያ ወንበር እየሄደ ትርጉም ይጠፋኝ ነበር። አንድ ሰኞ ግን ቁም ሣጥኑን ሳስተካክል እምየ ብርቄ በበሩ ገቡ።

«ልጄ» አሉኝ፣ «ሰው የሌለበት የለሽም?»

ነበረኝ። በመከር በዚህ ባሕር ዳር ስለሚያልፉ ወፎች የተሠራ ነው፤ ማንም ሊያየው አይመጣም ብዬ ትቼው ነበር። ወረቀቱ ላይ እንዲህ ጻፍሁ፦ ወፎች ይሄዳሉ፣ ሰው የለበትም፣ ሞት የለበትም። ሐሙስ አሳየሁት። እምየ ብርቄ መስኮቱ አጠገብ ተቀመጡ። ጀርባቸውን ወንበሩ ላይ ሲያስደግፉ ያየሁት ያን ቀን ነው። መሐል ላይ መነጽራቸው ጭናቸው ላይ እንዳለ እንቅልፍ ወሰዳቸው። ድምፄን ቀንሼ መተርጎሜን ቀጠልሁ።

ይህን ሥራ ለምትይዙ ሁሉ የምለው ይህ ነው፦ እስከ መጨረሻው ያላያችሁትን ፊልም ለሰው አታስተዋውቁ። ሰው ይህን ዓይነት እወዳለሁ ሲላችሁም፣ ለምን እንደሚወደው ጠይቁት።